ሃያ አንድ ነጭ፣ ሰባት ቡናማ

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሴቶች እንዳይወልዱ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ሲባል ደስ አይልም፤ የሥራ መዘርዝሬም «የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት» ነው የሚለው። ግን በጋዝጊብላ ወረዳ ዳገትና ቁልቁለት ከቤት ቤት ስዞር አንዲት እናት ሥራሽ ምንድን ነው ብላ ብትጠይቀኝ ከዚህ ያጠረ መልስ የለኝም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ሕፃናት እከትባለሁ፣ መጸዳጃ ቤት አስቆፍራለሁ፣ ነፍሰ ጡሮችን ጤና ጣቢያ እልካለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ክኒን እሰጣለሁ። እኔ ራሴ ይህን ስጽፍ ገና አልወለድኩም። የምጽፈው ግን አዝኜ ሳይሆን እፎይ ብዬ ነው።

ክኒኑን እንደ አባታችን ሆይ በቃሌ አውቀዋለሁ። በአንዱ እሽግ ሃያ አንድ ነጭ፣ ሰባት ቡናማ። «ነጩ እንዳትወልጂ ነው፣ ቡናማው ደም እንዲተካ ነው። ቀን አትዝለዪ። ለጎረቤት አታበድሪ። መውለድ ስትፈልጊ ታቆሚያለሽ።» ይህን ስንት ሺህ ጊዜ እንደተናገርኩት እግዜር ይወቀው። ጎበዝ አስተማሪ ነበርኩ። ጉራ ከመሰለም ይምሰል፤ የጉራዬን ዋጋ የኋላ ኋላ አግኝቻለሁ።

ከተማሪዎቼ ሁሉ የሚበልጡት አንዲት የሴቶች ልማት ቡድን መሪ ነበሩ። ከሰባተኛ ልጃቸው በኋላ ክኒኑን ራሳቸው ወስደው ያረፉ ሴት ናቸው፤ ስለዚህ ሲናገሩ ይታመናሉ። አማርኛ ለማይቀላቸው በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣንጋ ይተረጉሙልኛል፤ እኔ ደክሞኝ የዘለልኳትን አንዲት ቃል እንኳ እሳቸው አይዘሏትም። አንድ ቀን ከትምህርቱ በኋላ ቀረት ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝና «የኔ ልጅ ዝምተኛ ነው፤ አንቺ ደግሞ አፍ አለሽ» አሉኝ። ልጃቸው የቀበሌያችን ትምህርት ቤት መምህር ነው። በዓመቱ አማቴ ሆኑ።

ተጋብተን ሦስት ዓመት ሞላን፤ ልጅ የለም። የወር አበባዬ የስሙን ያህል የወር አልነበረም። በአራት ወር፣ በአምስት ወር ሳይጠራ እንደሚመጣ እንግዳ ድንገት ከች ይላል፣ ከመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሳይሄድ ይቀመጣል። የዳገቱ ነው፣ የጾሙ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። በየቀኑ ተራራ እየወጣሁ እወፍራለሁ። አገጬ ላይ ጸጉር ይበቅላል፤ ጠዋት ጠዋት ባለቤቴ ሳይነሳ በወረንጦ እነቅላለሁ። አንዲት አሮጊት የልጅ ልጃቸውን ልከትብ ስል ጠጋ ብለው አዩኝና «ምነው ልጄ፣ ልትቀስሺ ነው እንዴ?» አሉኝ። ሳቅኩ፤ ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ። ያን ሰሞን እኮ ለሴቶቹ «የወር አበባዋ የተዛባባት ጤና ጣቢያ ትሂድ» እያልኩ አስተምር ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ልጅ እፈልግ ነበር። ዙሪያውን ሳልዞር ልናገረው፦ በጣም እፈልግ ነበር። በየቤቱ ሕፃን ስመዝን እጄ ላይ ትንሽ ማቆየት ልማዴ ሆኖ ነበር። በእኛ አገር ደግሞ ሦስት ዓመት ባዶዋን የቆየች ሴት ሰው ባይናገራትም ይነጋገርባታል። አማቴ ምንም አይሉም፤ እሑድ እሑድ ብቻ «ደኅና ነሽ? ምን ይሰማሻል?» ይሉኛል። ምንም ስላቸው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ።

ባለቤቴ ነው «ሰቆጣ እንሂድ» ያለኝ። ለሰው የምትመክሪውን አድርጊ ማለቱ ነው፤ ጨዋ ስለሆነ እንደዚያ አላለኝም። ሁለት ሰዓት በእግር ወርደን፣ ሚኒባስ ጠብቀን፣ ከመናኸሪያው በባጃጅ ሆስፒታል ደረስን። ሐኪሟ ከጎጃም የመጣች፣ በዕድሜ ከእኔ የምታንስ ሴት ናት። ደም አስመረመረችኝ፣ በአልትራሳውንድ አየችኝ።

«እንቁላል ሞልቶሻል» አለችኝ። «ችግሩ አድጎ አይወጣም። ትንንሽ እንደሆነ በየከረጢቱ ቁጭ ይላል።»

ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም ይባላል አለች። ሰውነት ኢንሱሊኑን በደንብ መጠቀም ሲያቅተው በሴቷ ውስጥ የወንድ ሆርሞን ይበዛል፤ ጢሙም፣ ውፍረቱም፣ የወር አበባው መጥፋትም ከዚያው ነው። ብዙ ሴት አለባት አለችኝ። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት የኃጢአቴ ቅጣት ወይም የሆነ ሰው ዓይን አድርጌው ነበር። ለካ ስም ያለው በሽታ ነው። የዚያን ዕለት ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ትከሻዬ ሲወርድ ተሰማኝ።

ትከሻዬ ብዙም አልቆየም፤ ማዘዣውን ሳነብ ተመልሶ ወጣ። ሦስት መድኃኒት ነው። አንደኛው ሜትፎርሚን፤ የስኳር በሽተኛ የሚወስደው። ሁለተኛው ስፓይሮኖላክቶን፤ ልባቸው ደክሞ እግራቸው ያበጠ ሽማግሌዎች ውሃው እንዲወጣላቸው የሚወስዱት። ሦስተኛው የኔው ክኒን። ሃያ አንድ ነጭ፣ ሰባት ቡናማ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ፣ እኔ ልጅ ፈልጌ ነው የመጣሁት» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ይሄ እኮ መከላከያ ነው። እኔ ነኝ የማድለው።»

ብዕሯን አስቀመጠች። «አየሽ፣ ደምሽ አንሷል፣ የማሕፀንሽም ግድግዳ ወፍሯል። መጀመሪያ ቤቱን እናጽዳው። ክኒኑ በየወሩ ያጠራዋል፣ የወንዱንም ሆርሞን ይቀንሰዋል። ስፓይሮኖላክቶኑ የተረፈው ሆርሞን ጸጉር እንዳያበቅል ይከለክለዋል። ሜትፎርሚኑ ከሥር ኢንሱሊኑን ያስተካክላል። አንዱ የጀመረውን አንዱ ይጨርሳል። ስፓይሮኖላክቶን እየወሰድሽ ብታረግዢ ግን ፅንሱን ይጎዳል፤ ስለዚህ ያለ ክኒኑ አይወሰድም። አንድ ዓመት። ከዚያ ሁለቱን እናቆምና የወር አበባሽ ማንም ሳይገፋው በራሱ ይመጣ እንደሆነ እናያለን። ከመጣ እንቁላሉ መውጣት ጀመረ ማለት ነው። ካልመጣም እንቁላል የሚገፋ ሌላ መድኃኒት አለ።» ከዚያ ፈገግ አለች። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

ቀልዱ ያን ቀን አላሳቀኝም።

አሁን የማወራው የማፍርበትን ነው። ሁለቱን ዋጥኩ፣ ክኒኑን ግን አልዋጥኩም። ዘጠኝ ዓመት በአፌ ስደጋግመው የኖርኩት ነገር ከአንዲት ሐኪም የአሥር ደቂቃ ቃል በለጠብኝ። ይህቺን የዋጠች አትወልድም። ስንት ሴት በዚህ ቃል አሳምኛለሁ፤ ራሴንም አሳምኜ ኖሯል። እሽጉን ከዱቄት ከረጢቱ ኋላ አንዲት ቆርቆሮ ውስጥ አኖርኩትና ባለቤቴ ሲጠይቀኝ «ወስጃለሁ» እለዋለሁ። ሌላ ሴት ይህን ብታደርግ ኖሮ ቤቷ ድረስ ሄጄ እቆጣት ነበር።

በሦስተኛው ወር ለቀጠሮ ስሄድ ደሙ ከበፊቱ ብሶ ተዘበራርቋል። ሐኪሟ ወረቀቷን ትታ አየችኝ።

«ከእሽጉ ዛሬ ስንተኛውን ዋጥሽ?»

«ዐሥራ አራተኛውን» አልኩ።

«ቅድም ደምሽ ከትናንት ጀምሮ እየፈሰሰ ነው ብለሽኛል። ክኒኑን በትክክል የምትወስድ ሴት በዐሥራ አራተኛው እንዲህ አትደማም። ይህን ደግሞ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።»

በገዛ ትምህርቴ ተያዝኩ። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻል ነበር። የእርግዝና ምርመራ ጻፈችና ላከችኝ። «ደም መኖሩ ብቻ አያስተማምንም። ካረገዝሽ የዋጥሽው መድኃኒት ፅንሱ ጋ ደርሷል» አለችኝ።

ውጤቱን የጠበቅኩበትን አግዳሚ ወንበር አልረሳውም። ሦስት ዓመት በየኪዳነ ምሕረቱ ልጅ ስለምን የኖርኩ ሴት፣ ዓይኔን ጨፍኜ «እመቤቴ፣ ዛሬ አይሁን» አልኩ። የላቦራቶሪው ልጅ ስሜን ጠርቶ ወረቀቱን ሰጠኝ። የለም ይላል። ግድግዳውን ተደግፌ ትንሽ ቆምኩ። ልጅ የለሽም ተብዬ እንደዚያ አመስግኜ አላውቅም።

ዓመቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደገና ተቆጠረ። አሁን ሦስቱንም በየሰዓታቸው ዋጥኩ። ለባለቤቴም እውነቱን ነገርኩት፤ «እንዲህም አድርጎ አስተማሪ አለ» ብቻ አለኝ። ለአማቴ ግን የደም ማነስ ነው አልናቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለውን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ግን ክኒኑን በምን አፌ ላስረዳቸው?

በአዲሱ ቆጠራ አራተኛው ወር ላይ እኔ ለክትባት ወጥቼ ሳለ አማቴ የገብስ ዱቄት ሊነፉልኝ መጡ። ወንፊቱን ከከረጢቱ ኋላ ሲፈልጉ ቆርቆሮዋን አገኙ። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያየሁት ዱቄቱ ሳይነፋ መቅረቱንና ሁለት እሑድ ሙሉ ወደ ቤታችን ዝር አለማለታቸውን ነው።

በሦስተኛው እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጡ። ቆርቆሮዋን ከከረጢቱ ኋላ አውጥተው መደቡ ላይ ተቀመጡና መዳፋቸውን ዘረጉ። እሽጉ አለ፤ ዐሥሩ ነጭ ወልቋል። ካገባሁ ወዲህ ኽምጣንጋን ከእሳቸው ተምሬ በእሱ ነበር የምናወራው፤ በአማርኛ አናግረውኝ አያውቁም። ያን ቀን በአማርኛ ጀመሩ፤ እንደ ቢሮ ሰው ቆጠሩኝ ማለት ነው።

«ነጩ እንዳትወልጂ ነው» አሉ። «ቡናማው ደም እንዲተካ ነው። ቀን አትዝለዪ። እንዲህ አይደል ያስተማርሽኝ?»

«እማማ፣ ይሄ ለሌላ ነው። ሐኪም ያዘዘልኝ ነው።»

«መውለድ ስትፈልጊ ታቆሚያለሽ አላልሽም? አላቆምሽማ። ልጄን ዘር ልታሳጪው ነው።»

ባለቤቴ «እማ፣ እኔ አውቃለሁ፣ እውነቷን ነው» አለ። ዞር ብለውም አላዩት። «አንተን አፍዛሃለች» አሉት። እኔ ሆርሞን አልኩ፣ ኢንሱሊን አልኩ፣ ከረጢት አልኩ። ስናገር ለራሴም የውሸት ይመስለኝ ነበር። ለካ አንድን ነገር ለሰው አጥብቀሽ ካስተማርሽ በኋላ ከልቡ ማውጣት ልብስ ላይ የፈሰሰ ዘይት እንደማስለቀቅ ነው። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው «ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ይቀመጥ» አሉ። ሽማግሌ የሚቀመጠው ለምን እንደሆነ ልጅም ያውቀዋል። ትዳሬ ሊፈርስ ነው።

ተናደድኩም፣ ፈራሁም። ሌሊቱን ሳሰላስለው ያለኝ መንገድ አንድ ብቻ ሆኖ ታየኝ። ጠዋት ቤታቸው ሄድኩና «እማማ፣ እኔን አይመኑኝ። ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ፤ አብረውኝ ይሂዱና ሐኪሟን ራስዎ ይጠይቋት» አልኳቸው። እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር። ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ዱላቸውን ይዘው ደጄ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

መንገዱን ሁሉ ከፊቴ ቀድመው ሄዱ። ሐኪሟ ክፍል ስንገባ፣ የሐኪም አማርኛ ስለሚከብዳቸው ልተረጉም አፌን ስከፍት በእጃቸው ከለከሉኝ። «አንቺ ተይው። አንቺ ተናግረሽ ታሳምኛለሽ።» ኽምጣንጋ የምትናገር አንዲት የደሃና ወረዳ ልጅ፣ ነርስ፣ ተጠርታ መጣች። ሐኪሟ ወረቀት ላይ ማሕፀኑንና ሁለቱን የእንቁላል ቤቶች ሣለች፣ ትንንሾቹን ከረጢቶች ነጠብጣብ አድርጋ አሳየች፣ ሦስቱን መድኃኒቶች አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ነርሷ ትተረጉማለች። አማቴ ፊታቸው አይነበብም። በመጨረሻ አንድ ነገር ብለው ነርሷን አሳቋት።

«ምን አሉ?» አለች ሐኪሟ።

«ታዲያ ጦም አዳሪ መሬት ነው በሉኛ፣ ይሄን ሁሉ ከምታለፉኝ ነው የሚሉት።»

ሐኪሟ የከተማ ልጅ ናት፤ አልገባትም። ነርሷ አስረዳቻት፦ በየዓመቱ ተዘርቶ የደከመ ማሳ አንድ ክረምት ሳይዘራበት ይከርማል፤ ይታረሳል፣ ይታረማል፣ ዘር ግን አይገባበትም። በዓመቱ ሲዘራ ይሰጣል። ሐኪሟ ጥቂት አሰበችና «ልክ ናቸው» አለች። «ከእኔ በተሻለ ገልጸውታል።»

«ስንት ወር ቀራት?»

«ስምንት።»

«በየወሩ የሚመጣውስ ደም?»

«እሱ የክኒኑ ነው እማማ። የራሷን የምናውቀው ስናቆም ነው።»

ከግቢው ወጥተን ባጃጅ ስንጠብቅ በኽምጣንጋ «ለምን አልነገርሽኝም?» አሉኝ። ቋንቋችን ተመለሰ። «እኔም አላመንኩም ነበር እማማ» አልኩና ሦስት ወር ክኒኑን ደብቄ እንደተያዝኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። መጀመሪያ ዓይናቸውን አፈጠጡ፤ ከዚያ ዱላቸውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «ክፉኛ አስተምረሽናል» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። ስለ ሽማግሌ ከዚያ ወዲያ ያነሳ የለም።

ከዚያ በኋላማ ከሐኪሟ የባሰ ተቆጣጣሪ አገኘሁ። ማታ ማታ «ዋጥሽ?» ይላሉ። በዐቢይ ጾም ሜትፎርሚኑን በባዶ ሆዴ ስወስድ ሆዴን አላወሰው፤ ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው፣ እኔ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ማንንም ሳያማክሩ ንስሐ አባታችን ዘንድ ሄደው ፈቃድ አመጡልኝ። በየጠዋቱ ንፍሮ በሳህን ይዘው ይመጡና እሳቸው ጾመው፣ እኔ እስክበላ ፊት ለፊቴ ይቀመጣሉ። አጠገባቸው ቁጭ ብለው አፍ አፌን ሲያዩ መብላት ቀላል አይደለም። እያደር ለመድኩት።

ትምህርቴም ተለወጠ። አሁን ክኒን ስሰጥ አንዲት ቃል እጨምራለሁ፦ ይህ ክኒን ለሌላም ሕመም ይታዘዛል፤ የሰው ቆርቆሮ ውስጥ ብታገኙት ሳትጠይቁ አትፍረዱ። አማቴ ይህቺን ሲተረጉሙ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ።

ዓመቱ አለቀ። ወረንጦው በሳምንት አንዴ ብቻ የምፈልገው ሆነ፤ ቀሚሶቼ ሰፉኝ፤ ደሜ ተስተካከለ። ሐኪሟ ክኒኑንና ስፓይሮኖላክቶኑን አቆመች፣ ሜትፎርሚኑ ብቻ ቀረ። «አሁን መጠበቅ ነው፤ እስከ ሦስት ወር ሊቆይ ይችላል» አለችኝ። መጠበቅ ለሚባለው ነገር ደግሞ እኔ አልተፈጠርኩም። ሃያ ስምንተኛው ቀን አለፈ። ሠላሳ አምስተኛው አለፈ። በአርባኛው ባለቤቴ ላይ በጠመኔ ብናኝ ምክንያት ጮህኩ፤ ምስኪኑ ኮቱን ደጅ አራግፎ ተመለሰ። ሕልሜ ሁሉ ያ የአልትራሳውንዱ ነጠብጣብ ሆነ። አማቴ አይጠይቁኝም፤ ግን ቀኑን አብረውኝ እንደሚቆጥሩ አውቃለሁ።

በሃምሳ ሁለተኛው ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ ለቅዳሴ ነጠላዬን ስፈልግ መጣ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ባለቤቴ ፊቴን አይቶ ደነገጠ።

«ምን ሆንሽ?»

«መጣ» አልኩት። «በራሱ መጣ።»

አጠገቤ ተቀመጠና እጄን ያዘኝ። ሌላ ሴት ይህን ደም ስታይ ዘንድሮም አልሆነልኝም ብላ ታዝናለች። እኔ ደስታው እንባዬን አመጣው።

ቤት መቅረት እችል ነበር፤ አልፈለግኩም። በወር አበባዋ ላይ ያለች ሴት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር አታልፍም፤ ከአጥሩ ውጭ ሆና ነው የምታስቀድሰው። በክኒኑ ዓመትም እዚያ ቆሜያለሁ፤ ያን ግን የክኒኑ ነው ብለን አማቴም እኔም አልቆጠርነውም። ሄጄ ከሁለት ልጃገረዶች አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የጥቅምት ብርድ ገና አልለቀቀም፤ የካህናቱ ዜማ ከውስጥ ይሰማል።

አማቴ ዘግይተው በዳገቱ መጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ አዩኝና ቆሙ። ጠጋ ብለው ጎንበስ አሉ።

«የራስሽ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

ራሴን ነቀነቅኩ።

ቀና አሉ። ወደ በሩ ሄደው መቃኑን ተሳለሙ። እሳቸው የወር አበባ ካዩ ዓመታት አልፈዋል፤ የዘወትር ቦታቸው ውስጥ፣ በሴቶቹ በር፣ ከፊት ነው። ይገባሉ ብዬ ስጠብቅ ዞረው ተመለሱ፣ ጋቢያቸውን ድንጋዩ ላይ አነጠፉና አጠገቤ ተቀመጡ። ልጃገረዶቹ ተያዩ። አርፍደው የመጡ አንዲት ጎረቤት ሲያልፉ በድንጋጤ ቆመው «ምነው እሜቴ፣ እርስዎ ምን ሆነው ነው እዚህ?» አሏቸው።

«ምንም አልሆንኩ፣ ግቢ» አሉ አማቴ። «ዛሬ ከልጄ ጋር ነው የማስቀድሰው።»